የላቫጆ ውሃ ወተት ሲመስል፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ላቫጆ ያላቸው ሰዎች ሲደውሉልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ሦስተኛው ጉድጓድ ወተት መሰለ»። የእጥበቱ ውሃ ዘይቱና ደለሉ እንዲለይ በተከታታይ ጉድጓዶች ያልፋል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው።

ምልክቱ፦ ከላይ የተንሳፈፈ ዘይት የለም፣ ውሃው ግን ነጭ ነው። ወደ ሮቶ ተስቦ እንደገና ሲታጠብበት መኪናው ላይ ቅባት ይተዋል።

ምክንያቱ ሳሙና ነው። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ጊዜ ካገኘ ራሱ ይንሳፈፋል፤ የመለያው ጉድጓድ የሚሠራውም በዚህ ነው። ሳሙና ሲበዛ ግን ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል፤ ጠብታዎቹም እየተገፋፉ አይገናኙም። ነዳጅ በሚወጣበት አገር ከድፍድፉ ጋር የሚመጣውን ውሃ የሚያጣሩ ሰዎችም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ፤ እዚያ ዘይቱን ከውሃው ጋር የሚመታው ፓምፕና ቫልቭ ነው።

አንድ ላቫጆ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ባለቤቱ አራተኛ ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር፤ ገንዘቡ ወጣ፣ ውሃው ያው ወተት። አንድ ቀን ከጠዋት ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጆቹ ከጅቡቲ መንገድ የገባ ተሳቢ ሞተር ላይ የሞተር ሳሙና በጄሪካን ይደፋሉ፤ ከአንደኛው ጉድጓድ ወደ ሁለተኛው ደግሞ በፓምፕ ይገፉታል! ፓምፑን ከመለያው በኋላ አዞርነው፤ የሞተር እጣቢ ለብቻው በርሜል ውስጥ እንዲገባ አደረግን። ሌላ ጉድጓድ አላስፈለገም።

እናንተም ከመቆፈራችሁ በፊት ውሃውን በጠርሙስ ቅዱና 24 ሰዓት ሳትነኩት አቆዩት። ዘይቱ ከላይ ከወጣ ጉድጓዱ ጠቧል ወይም ደለል ሞልቶታል፤ አስጠርጉት። ነጭ እንደሆነ ከቀረ ሳሙናውን ቀንሱ፣ የተጠራቀመውን በአሉም (ቆሻሻን አያይዞ ውሃ የሚያጠራ ጨው) አጥሩ። መጀመሪያ በአምስት ጠርሙስ መጠኑን እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ ጥጥ የመሰለ ነገር ሠርቶ ውሃውን ያጠራው ትንሹ መጠን በቂ ነው። የሞተር ሳሙና የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ ስለሚያደርግ ለክቶ ከ6 እስከ 7.5 ማስተካከል ያስፈልጋል። በግምት በጆንያ አትገልብጡ፤ አሉም ሲበዛ ራሱ ችግር ነው።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ከታየ በጉድጓዶቹ መካከል ዘይቱን አስቀርቶ ውሃውን ከስር የሚያሳልፈው የታጠፈ ቧንቧ፣ ኤልቦው፣ ወልቋል። ያንን ስስ የፕላስቲክ ኤልቦ አትግዙ፤ በአንድ ክረምት ይሰነጠቃል።

ክረምት ላይ ብቻ ከተበላሸ የጣሪያ ውሃ እየገባ ነው፤ አሽንዳውን አዙሩት።

ለጠረጋ ብላችሁ ማንንም ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ። እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው ይሞታል። በመኪና አስመጥጡት።

የተገፈፈውን ዘይትና አተላ በርሜል ውስጥ ክደኑት። ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት በመጀመሪያው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ከታች የሚጠጣው ሰውና ከብት አለ። የተጣራውንም ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ጎመን አታጠጡበት።