የቆየች ሞተር ሳይክል ኮምፕረሽን እንዴት ይለካል?

የእኔዋ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ማቃሰት ጀመረች። አንድ መካኒክ ኮምፕረሽኗን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት ለካና 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አገኘ። «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት» አለኝ። ብሩ ስላልነበረኝ ቤት ወስጄ ራሴ ለካሁ። 115 መጣ! ለካስ ሰውዬው ጋዝ ሳይሰጥ ነበር የረገጠው።

እንዲህ ለኩ። ሞተሩ እንዲሞቅ አስር ደቂቃ ያህል ንዱ። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጉ። የኮረኮንች አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በጤናዋ ላይ በሽታ ጨመራችሁባት። ቤንዚኑን ዝጉ፤ ማጥፊያውንም አጥፉ። በቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት ብልጭታ ካገኘ ይነዳል።

የመለኪያውን ጥርስ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ በእጃችሁ እሰሩ። ከዚያ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ቆዩ። ሲሊንደሩ አየር ካላገኘ ምኑን ይጭመቅ? ማስነሻውን በኃይል ርገጡ። ቀስቱ በየርግጫው ከፍ እያለ ሄዶ ከአምስት እስከ ስምንት ርግጫ በኋላ ይቆማል። የቆመበትን ጻፉ፤ አንዴ ድገሙት።

እኛን ጎጃሞችን የሚያሳስተን ደግሞ ከፍታው ነው። የመመሪያው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አየር የተጻፈ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። መመሪያው 150 ካለ፣ ማርቆስ ላይ 118 አካባቢ ጤነኛ ነው። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል ወደ 125 ይጠጋል። የእኔዋ 115 ለአሮጊት ምን ይወጣላታል?

ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩ። ጥቂት ረግጣችሁ እንደገና ለኩ። ዘሎ ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖት ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ (የአየርና የጭስ በሩ) ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያፈሳል። ያኔም ቴስታታ ለማውረድ አትቸኩሉ። አራት ምት ከሆነች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቩን ክፍተት እዩ። ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ማስተካከል ብቻ ሊበቃው ይችላል። ከዘይቱ በኋላ ስታስነሷት ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ አትደንግጡ፣ ይጠራል።

የእኔዋን ያፈናት የአየር ማጣሪያው ነበር። አውጥቼ መሬት ላይ መታ መታ ሳደርገው የወጣው አፈር ጎመን ያበቅላል። አጥቤ መለስኩት። የደጀንን ዳገት በሦስተኛ ወጣችው።