ከማሪ ወደ በርድስቪል፦ 517 ኪሎ ሜትር ፒስታ ለመንዳት ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የበርድስቪል መንገድ ደቡብ አውስትራሊያ ካለችው ማሪ ተነስቶ ኩዊንስላንድ ውስጥ እስካለችው በርድስቪል ይዘልቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከብት ወደ ባቡር ጣቢያ የሚነዳበት መስመር ነበር፤ ዛሬም ግራና ቀኙ «ስቴሽን» የሚባሉ ግዙፍ የከብት እርባታዎች ይዞታ ነው። በደረቅ ወቅት ፒስታው ሰፊና የተጠረገ በመሆኑ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ተሳስቶ የተነሳ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው 200 ኪሎ ሜትር ከገባ በኋላ ነው።

1. ነዳጅን በአስፋልት ፍጆታ ማስላት

አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ የሚበላ ፒካፕ፣ ዕቃ ተጭኖበት ጠጠርና አሸዋ ላይ 16 ሊትር ቢበላ አይገርምም። 80 ሊትር የሚይዝ ታንክ በ12 ሲሰላ 660 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በ16 ሲሰላ ግን 500 ላይ ባዶ ይሆናል፤ በርድስቪል ሊደርሱ 17 ኪሎ ሜትር ሲቀርዎት ማለት ነው። መሀል ላይ ነዳጅ የሚገኘው ሙንገራኒ ሆቴል ነው፤ ከማሪ 204፣ ከበርድስቪል 313 ኪሎ ሜትር። እዚያ ይሙሉ፤ ሂሳብዎን ግን እዚያ ነዳጅ ባይኖርስ ብለው ይሥሩ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ሁለት መያዝ ይሻላል። ጀሪካኑን ፖርቶመጋላ ላይ ከከመሩት መኪናው አናቱ ይከብድና ኩርባ ላይ ይገለበጣል፤ ካቢና ውስጥ ካደረጉት ትነቱ ያፍናል። ቦታው ከኋላ በር ውጭ የሚታሰር መያዣ ነው።

2. በአስፋልት ነፋስ ጠጠር ላይ መግባት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቆመው ይህ ነው። መንገዱ የስተርትን ድንጋያማ በረሃ ያቋርጣል። እዚያ ያለው «ጊበር» የሚባል ጠጠር ሾጣጣ ነው፤ እስከ 38 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ድንጋዩ ላይ አይተኛም፣ ይቆረጣል። ማሪ ላይ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ወደ 28 ወይም 30 ያውርዱት። ያን ጊዜ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ነፋስ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ስለሚግል ግን ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቁሙና ይለኩ፤ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ከጨመረ ደህና ነው፣ ከዚያ ካለፈ ፍጥነቱ በዝቷል ወይም ጭነቱ ከብዷል። አሸዋ ውስጥ ከተቀረቀሩ ወደ 18 ያውርዱ፤ ከወጡ በኋላ በኮምፕሬሰር መልሰው ይንፉ።

ስኮርት ጎማ ሁለት፣ ሁለቱም ከነቸርኬያቸው ይሁኑ። ቀዳዳ መድፈኛ የሚሠራው ጎማው መሬት በሚነካበት በኩል ለገባ ምስማር ነው፤ ጎኑ የተቀደደውን ጎሚስታም አያድነውም። ብዙ ፒካፕ ላይ ስኮርቱ ከሥር በሰንሰለት ይንጠለጠላል፤ ማውረጃው በአቧራ ተደፍኖ አልዞር ማለቱ የተለመደ ነው። ከቤት ሳይወጡ አንድ ጊዜ አውርደው ይስቀሉት። የጎማ ብሎኑ ልዩ ቁልፍ ካለው ቁልፉ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ። ክሪኩ ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ይያዙ።

3. ሰማዩን አይቶ መንገዱን ማመን

መንገዱን የሚያቋርጠውን ኩፐር ክሪክ የሚባል ወንዝ የሚሞላው ዝናብ እዚያው አይዘንብም። ኩዊንስላንድ ላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት የጣለው ውሃ ሜዳ ለሜዳ ተንሸራቶ ከሳምንታት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ይደርሳል። ኩፐር ሲሞላ ማለፊያው አነስተኛ ጀልባ ነው፤ ጀልባው ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ጥቂት ዝናብም ሸክላውን ሳሙና ስለሚያደርገው መንገዱ ይዘጋል። በመነሻዎ ዕለት ጠዋት የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ስለ ገጠር መንገዶች የሚያወጣውን መግለጫ ይመልከቱ፤ ማሪ መውጫ ላይ ያለውን የ«ክፍት/ዝግ» ምልክትም ያንብቡ። በተዘጋ መንገድ የሚገባ ይቀጣል፣ ጎማው የቀደደው ቦይም ለወራት ይቀራል። ዕቅድዎ ውስጥ ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ይኑር።

4. ቀኝ መንዳት የለመደ እጅ

አውስትራሊያ በግራ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ ለመጣ ሰው ከተማ ውስጥ መስመሩና ሌሎቹ መኪኖች ያስታውሱታል። ፒስታ ላይ መስመር የለም፤ ሁሉም የተሻለውን መሀሉን ይይዛል። አሸዋ ጉብታ አናት ላይ ድንገት መኪና ሲመጣ እጅ ወደ ለመደው ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። ከእያንዳንዱ ጉብታ በፊት አስቀድመው ወደ ግራ ይጠጉ። የሚመጣው «ሮድ ትሬን» (ብዙ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና) ከሆነ እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማል፤ ግራ ይዘው ይቁሙ፣ መብራት ያብሩ፣ አቧራው ሳይጠራ አይንቀሳቀሱ። ከኋላው ከደረሱ ደግሞ መኪና ላይ በሚገጠም የመነጋገሪያ ሬዲዮ (ዩኤችኤፍ) ቻናል 40 ሾፌሩን ያነጋግሩ፤ በአቧራው ውስጥ እርስዎን አያይዎትም።

5. በሞባይል መተማመን

ማሪን ካለፉ ኔትወርክ የለም ብለው ያቅዱ። የሳተላይት ስልክ ወይም በ406 ሜጋኸርዝ የሚጣራ የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ ይያዙ፤ ጠቋሚው በስምዎ ይመዝገብ። ለአንድ ሰው የመድረሻ ቀንና ሰዓትዎን ይንገሩ፤ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለፖሊስ ንገር» ብለው።

6. በገና ዕረፍት መሄድ፣ ሲቆሙም መኪናውን ትቶ መሄድ

ዲሴምበር እዚያ በጋ ነው፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ለጉዞ የሚመቸው ወቅት ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ሰሞን አምስት አባላት ያሉት አንድ ቤተሰብ በዚሁ መንገድ አካባቢ ነዳጅ አለቀበት። የሁለት ቀን ውሃ ብቻ እንዳላቸው የሚገልጽ ወረቀት መኪናው ላይ ትተው ሄዱ፤ አምስቱም በውሃ ጥም ሞቱ። መኪና ከአየር ይታያል፣ ጥላም ይሰጣል፤ የሚራመድ ሰው ሁለቱንም የለውም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሊትር ይያዙ፦ ሁለት ሰው፣ ሁለት የጉዞ ቀን፣ ሦስት የመጠባበቂያ ቀን፣ በድምሩ 70 ሊትር። በአንድ ትልቅ በርሜል አይሁን፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንዲተርፍ በአራት አምስት ዕቃ ይከፋፍሉት።

7. ባለ አጥር አገር መሆኑን መርሳት

በር ክፍት ካገኙ ክፍት፣ ዝግ ካገኙ ዝግ ይተዉ፤ ክፍቱን መዝጋት ደግነት ይመስላል እንጂ ከብቱን ከውሃው ይለየዋል። ከመሸ አይንዱ፤ ካንጋሮውም ከብቱም መንገዱ ላይ ነው። ድንኳን ሲተክሉ ከቤት ወይም ከመጋዘን 1 ኪሎ ሜትር፣ ከከብት ማጠጫ ደግሞ 500 ሜትር ይራቁ፤ ሕጉ ነው። ከሩቅ ተጉዞ የመጣ ከብት መብራትና ድምፅ ካየ ገንዳው ጋ ሳይጠጋ፣ ሳይጠጣ ይመለሳል።