ኦቲዝም ላለበት ተማሪ የባህርይ ድጋፍ ዕቅድ አዘገጃጀት

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲጮህ ወይም ደብተር ሲወረውር ብዙ ትምህርት ቤቶች ከክፍል ያስወጡታል፣ አለዚያም ወላጅ ይጠራሉ። ጩኸቱ ግን ለልጁ የሚያስገኝለት ነገር አለ። ያንን ሳያጣሩ የሚወጣ ዕቅድ ነገሩን ያባብሰዋል።

መጀመሪያ ባህርይውን በዓይን በሚታይ ቃል ጻፉት። «ረባሽ ነው» ከተባለ ሁለት መምህራን አንድ ዓይነት ነገር አይቆጥሩም፤ «ጎረቤት ክፍል ድረስ የሚሰማ ጩኸት» ከተባለ ይቆጥራሉ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ባህርይ በላይ አትያዙ፤ ልጁን ወይም ሌላውን ከሚጎዳው ጀምሩ። እጅ ማወናጨፍና መወዛወዝ ማንንም ካልጎዳ ይተውለት፤ ብዙ ልጆች የሚረጋጉት በዚያ ነው።

ቀጥሎ ከ5 እስከ 10 የትምህርት ቀን መዝግቡ። ገጹን ለሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ከባህርይው በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ሰዓቱና የትምህርቱ ዓይነትም ይግባ። ተማሪ በበዛበት ክፍል ቀኑን ሙሉ መመዝገብ አይቻልም፤ በጣም የሚያስቸግርበትን አንድ ክፍለ ጊዜና ሰላም የሚሆንበትን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያዙ። ሰላማዊው ምን እንደሚስማማው ይነግራችኋል።

ሦስተኛውን ዓምድ ደግማችሁ አንብቡት። አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ «ከሰሌዳ ገልብጡ» በተባለ ቁጥር ይጮኻል እንበል፤ መምህሯም በር ላይ ታቆመዋለች። ዓምዱ ላይ በየቀኑ «ወጣ፣ መጻፉ ቀረለት» የሚል ከሆነ ቅጣት የተባለው ለልጁ እረፍት ሆኖታል። ሌላው ልጅ የሚጮኸው የሰው ትኩረት ወይም የሚወደውን ዕቃ ለማግኘት ሊሆን ይችላል፤ ደወልና የሰልፍ ድምፅ ማጉያ ጆሮውን የሚያምመውም አለ። ባህርይው በድንገት ከመጣ ግን ከሁሉ በፊት ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀትና እንቅልፍ ይታዩ። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን ራሱን በመምታት ሊገልጽ ይችላል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሁኔታውን ለውጡ። ለገልባጩ ልጅ ጽሑፉን በወረቀት አጠገቡ አስቀምጡለት፣ አሥሩን መስመር ወደ ሦስት አውርዱለት። የቀኑን ፕሮግራም በ4 ወይም 5 ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፉና ልጁ ያለቀውን ፎቶ ወደ ጀርባው እያዞረ ይሂድ። ድምፅ ለሚያስጨንቀው ደወሉ ሳይደወል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በሰልፍ ሰዓት ከማጉያው ራቅ ብሎ ይቁም።

ዋናው ሥራ በጩኸቱ ፋንታ የሚጠቀምበትን መንገድ ማስተማር ነው። «እረፍት» የሚል ሥዕል ያለው ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ልምምዱ የሚጀመረው ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ነው፦ ረዳት መምህሯ ከኋላው ሆና፣ ሳትናገር፣ እጁን ወደ ካርዱ ትምራው፤ ልጁ ካርዱን ሲሰጥ መምህሯ ወዲያውኑ 2 ደቂቃ ትልቀቀው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካርዱ በተሰጠ ቁጥር እረፍቱ አይከልከል። ካርዱ ከጩኸቱ ካልፈጠነና ካልቀለለ ልጁ ወደሚያውቀው ይመለሳል። ካርዱን ከለመደ በኋላ «አንድ መስመር፣ ከዚያ እረፍት» እያላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ሲጮህ ደግሞ ሥራው አይሰረዝ፤ ከተረጋጋ በኋላ አሳጥራችሁ መልሱለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊብስ ይችላል። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ መምህር ታክቶት ያስወጣዋል፣ ልጁም ጠንክሮ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ስለዚህ የሁሉም መምህራን፣ የጥበቃውና የወላጅ ምላሽ በአንድ ገጽ ይጻፍ። አደጋ ካለ ሌሎቹን ተማሪዎች አርቁ፣ ንግግር ቀንሱ፤ ልጁን በኃይል አትጨምድዱት፤ በቁጣ አትገሥጹት።

በየሳምንቱ የጩኸቱን ብዛት ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር አስተያዩ። በ3 ሳምንት ለውጥ ከሌለ መጀመሪያ ካርዱ እጁ የሚደርስበት ቦታ መሆኑንና ሁሉም መምህራን አንድ ዓይነት ምላሽ መስጠታቸውን አጣሩ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ምክንያቱን ተሳስታችሁ ይሆናልና መዝገቡን እንደገና ጀምሩ።