ስለ ኤክስትሪም ስፖርት የዊኪ መጣጥፍ እንዴት ይዘጋጃል?

ዊኪ ማንኛውም አንባቢ ገብቶ የሚጽፍበት፣ የሌላውን ጽሑፍ የሚያርምበትና የሚያሟላበት የጋራ መዝገብ ነው። ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፔዲያ ሲሆን የአማርኛ እትምም አለው፤ ከእርሱ ሌላ ፋንደምን በመሰሉ አገልግሎቶች ላይ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተከፈቱ ዊኪዎች ይገኛሉ። ስለ ኤክስትሪም ስፖርት፣ ማለትም ከፍተኛ አደጋ ስላለባቸው ስፖርቶች፣ የሚጻፉ መጣጥፎች የራሳቸው ችግር አለባቸው። «ከፍተኛው»፣ «ፈጣኑ»፣ «የመጀመሪያው» የሚሉ ቃላት ስለሚበዙባቸው፣ ማን እንደለካውና በየትኛው ዘርፍ እንደተመዘገበ ያልተገለጸ ቁጥር በቀላሉ ገብቶ ሳይታረም ይቆያል። ስለዚህ ከጸሐፊው የሚጠበቀው ዋና ሥራ ለእያንዳንዱ ቁጥር ባለቤቱን መፈለግ ነው። ከዚህ በታች የመጣጥፉን አዘገጃጀት ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል እናያለን፤ ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2012 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሮዝዌል ከተማ በሂሊየም ፊኛ ተነሥቶ ስትራቶስፌር የተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ከደረሰ በኋላ ያደረገውን የፓራሹት ዝላይ ነው።

ርዕሱን መምረጥ

በመጀመሪያ በመረጡት ዊኪ ላይ በስም ተመዝግበው ገብተው ደንቡን ያንብቡ። በመቀጠል ርዕሱ ቀድሞ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። በአማርኛ ይህ ከሚመስለው በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የውጭ አገር ስም አንዱ ጸሐፊ «ባውምጋርትነር»፣ ሌላው «ባምጋርትነር» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ በ«ሀ» እና በ«ሐ»፣ በ«ጸ» እና በ«ፀ» የሚለያዩ አጻጻፎችም በፍለጋ ላይ እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት አራቱን አጻጻፍ ይሞክሩ። መጣጥፉ ካለ አዲስ ከመክፈት ያለውን ማሟላት ይሻላል። ከሌለ ደግሞ አንዱን አጻጻፍ ለርዕስ መርጠው፣ ሌሎቹን ወደ እርሱ የሚመሩ አጫጭር ገጾች አድርገው ይክፈቷቸው።

ርዕሱ መጣጥፍ ሊወጣው የሚችለው ከባለ ጉዳዩ ነጻ የሆኑ ምንጮች በስፋት ሲጽፉበት ነው። የሰፈር ጓደኞች በብስክሌት የፈጸሙት ዝላይ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ከራሳቸው ቪዲዮ በቀር ምንጭ ከሌለው በዊኪፔዲያ ቦታ የለውም። ከራስ ግንዛቤ ተነሥቶ አዲስ ምድብ መፍጠርም እንደዚሁ አይፈቀድም። ለምሳሌ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው በገደሉ ላይ በተንጠለጠለ ገመድ መሆኑን አይቶ ገዳሙን «ኤክስትሪም ስፖርት» በሚል ምድብ ውስጥ ለማስገባት የሚነሣሣ ሰው አይጠፋም። መነኮሳቱም ተሳላሚዎቹም በዚያ ገመድ የሚወጡት ለስፖርት አይደለም፤ ምድቡ የጸሐፊው ፈጠራ ስለሚሆን ይሰረዛል፤ መሰረዙም ተገቢ ነው።

ምንጭ መሰብሰብና ቁጥሮችን መመርመር

አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ይህ ደረጃ ነው፤ ሊወስድም ይገባዋል። አንድም ዓረፍተ ነገር ከመጻፍዎ በፊት ምንጮቹን በሦስት ይክፈሏቸው፤ ውጤቱን ያጸደቀው አካል፣ ነጻ የዜና ተቋማትና መጻሕፍት፣ እንዲሁም ባለ ጉዳዩና ስፖንሰሩ ያወጧቸው መግለጫዎች። በምሳሌያችን አጽዳቂው ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ሲሆን ስፖንሰሩ የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹ ሬድ ቡል ነበር። የስፖንሰር መግለጫ የፕሮጀክቱን ዓላማና ዝግጅት ለመጥቀስ ያገለግላል፤ «በታሪክ ታላቁ» ለሚለው ፍርድ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ መግለጫውን የጻፈው ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ነውና።

በዝላዩ ዕለት የተነገረው ከፍታ 39,045 ሜትር ነበር፤ ፍጥነቱም በሰዓት 1,342.8 ኪሎ ሜትር ተባለ። መረጃው ተመርምሮ ሲጸድቅ ከፍታው ወደ 38,969.4 ሜትር ዝቅ፣ ፍጥነቱ ደግሞ ወደ 1,357.6 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። በዕለቱ የወጡ ዜናዎች ሁሉ የያዙት የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ነው፤ ስለዚህ አሥር ጋዜጦችን ቢያመሳክሩ አሥሩም በአንድ ድምፅ ጊዜያዊውን ቁጥር ይነግሩዎታል። የምንጮች ብዛት እዚህ ላይ ዋስትና አይሆንም። ትክክለኛው አሠራር የጸደቀውን ቁጥር በዋናው ጽሑፍ ማስፈር፣ ጊዜያዊውንም «በዕለቱ የተገለጸው» ብሎ ከነምንጩ መጥቀስ ነው። አለበለዚያ የድሮ ጋዜጣ ያነበበ ቀና አራሚ መጥቶ የእርስዎን ቁጥር «ያስተካክለዋል»።

ቀጥሎ ዘርፉን ይለዩ። «የቀድሞው ባለ ክብረ ወሰን ማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለም። አሜሪካዊው የአየር ኃይል መኮንን ጆሴፍ ኪቲንገር እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1960 ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዘሏል፤ ነገር ግን ሲወርድ ሰውነቱ እንዳይሽከረከር የምታደርግ ትንሽ ማረጋጊያ ፓራሹት ይዞ ነበር። የሶቪየቱ ዬቭጌኒ አንድሬዬቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ያለ ማረጋጊያ 24,500 ሜትር ወርዶ በፌዴሬሽኑ መዝገብ የሰፈረው የእርሱ ርቀት ሆነ። ባውምጋርትነር ማረጋጊያውን ሳይዘረጋ 36,402.6 ሜትር በመውረድ ይህን ርቀት በለጠ፤ ፓራሹቱ ከመከፈቱ በፊት በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ግን ኪቲንገርን አልደረሰበትም፤ የኪቲንገር 4 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ሲሆን የእርሱ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2014፣ የጉግል ሥራ አስፈጻሚ የነበረው አለን ዩስታስ ከ41 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዘሎ የከፍታውን ክብረ ወሰን ወሰደ። ማረጋጊያ ፓራሹት ስለተጠቀመ ግን ያለ ማረጋጊያ የተመዘገበው የፍጥነት ክብረ ወሰን ከባውምጋርትነር እጅ አልወጣም። እንግዲህ «ባውምጋርትነር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የትኛውን እንደሚናገር ካልተገለጸ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል።

ልኬትን ሲቀይሩም ስህተት እንዳይፈጠር፣ በፊትና በማይል የተጻፉ የአሜሪካ ምንጮችን ሲጠቀሙ መጀመሪያ የተለካውን ቁጥር ሳያጠጋጉ ይቀይሩ። የተጠጋጋ ቁጥር ተቀይሮ ዳግም ሲጠጋጋ ማንም ያልለካው አዲስ ከፍታ ይወለዳል።

የዘመን አቆጣጠር

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ብቻውን አንድ ደረጃ ሊሆን ይገባዋል። ዝላዩ የተፈጸመው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። መጣጥፉ «በ2005» ብሎ ቢያልፍ፣ እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ያነበበው ሰው ሰባት ዓመት ይስታል፤ ይህን ያየ ሌላ አራሚ ደግሞ «ስህተት አረምኩ» ብሎ ወደ 2012 ይቀይረውና አጠገቡ ያለው «ጥቅምት 4» ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ለመላው መጣጥፍ አንድ አቆጣጠር ይምረጡ፣ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚለውን በየቦታው ይጻፉ፣ ለዋናው ክስተት ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስፍሩ። ለእ.ኤ.አ. ቀኖች «ኦክቶበር» ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ፤ «ጥቅምት» የሚለውን ለሁለቱም መጠቀም ቀኑ በየትኛው እንደተቆጠረ ይሰውራል። ሰዓት የሚጠቀስ ከሆነም ክስተቱ በተፈጸመበት አገር አቆጣጠር ይሁን በእኛ መገለጽ አለበት።

ረቂቁን መጻፍ

ረቂቁን በሙከራ ገጽዎ ላይ ይጀምሩ፤ እዚያ ቢያጠፉም ቢያበላሹም ማንንም አያውክም። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ርዕሱ ምን እንደሆነ ይናገር፤ ማድነቅ ሥራው አይደለም። ለምሳሌ «ጀግናው ባውምጋርትነር ሞትን ንቆ ከጠፈር ዘለለ» የሚለውን እንመልከት። «ጀግናው» የጸሐፊው ስሜት ነው፤ «ሞትን ንቆ» የሚለውም ሰውየው ለዓመታት በሐኪሞችና በመሐንዲሶች ታግዞ ያደረገውን ዝግጅት ይሽራል፤ «ከጠፈር» የሚለው ደግሞ ስህተት ነው። ፌዴሬሽኑ የጠፈር መጀመሪያ አድርጎ የሚቆጥረው 100 ኪሎ ሜትርን ሲሆን የዝላዩ ከፍታ የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲህ መተካት ይቻላል፦ «ሬድ ቡል ስትራቶስ፣ ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2012 (ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.) ከ38,969 ሜትር ከፍታ በፓራሹት የዘለለበት ፕሮጀክት ነው። ባውምጋርትነር በዚህ ዝላይ ያለ ተሽከርካሪ ወይም አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት በላይ የተጓዘ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።» ደረቅ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንባቢው የሚደነቀው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለው እውነታ ነው፤ የእኛን ግፊት አይፈልግም።

ከመግቢያው በኋላ ዳራውን፣ ዝግጅቱን፣ ክንውኑን፣ የጸደቁትን ውጤቶችና የተሰነዘሩ ትችቶችን በንዑስ ርዕስ ይክፈሉ። እያንዳንዱ አከራካሪ ነገር መጨረሻ ላይ ምንጭ ይቀመጥ። ብዙ ዊኪዎች እንደ ተራ የጽሑፍ ሰሌዳ የሚያገለግል የማረሚያ ገጽ ስላላቸው ምልክቶቹን በቃል ማጥናት ግድ አይደለም። ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በአራት ነጥብ ፊደሉ ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚሠራው አራት ነጥብ ለዓይን ቢመሳሰልም፣ መስመር ሲዞር ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በፍለጋም አይገኝም።

ከሌላ ቋንቋ እትም ተርጉመው የሚያመጡት ነገር ካለ፣ ሲያስቀምጡ በማረሚያው ማጠቃለያ ላይ ከየት እንደተተረጎመ ይጻፉ፤ የዊኪፔዲያ ጽሑፎች የሚታተሙበት ፈቃድ የቀድሞ ጸሐፊዎች እንዲጠቀሱ ያስገድዳል። ምንጩንም ራስዎ ከፍተው ያንብቡ። ከእንግሊዝኛው እትም ላይ የግርጌ ማስታወሻውን ሳያነቡ መገልበጥ የሌላውን ስህተት በራስ ፊርማ ማጽደቅ ነው።

አደጋና ሞት

ዊኪፔዲያ የአሠራር መመሪያ አይደለም። ስለ ቤዝ ዝላይ የሚጻፍ መጣጥፍ ስሙ የመጣው ሰዎች ከሚዘልሉባቸው ከሕንፃ፣ ከአንቴና ማማ፣ ከድልድይና ከገደል የእንግሊዝኛ መጠሪያዎች መሆኑን፣ ከአውሮፕላን ዝላይ የሚለየውም ከፍታው ዝቅተኛ ስለሆነ ፓራሹት ለመክፈት ያለው ጊዜ አጭር በመሆኑ እንደሆነ ይገልጻል። ፓራሹቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ወይም ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚሳብ ግን አያስተምርም። አንዳንድ ልዩ ዊኪዎች ይህን ይፈቅዳሉ፤ እኔ እዚያም ቢሆን ከመጻፍ እቆጠባለሁ፤ ማንም ሊቀይረው በሚችል ገጽ ላይ አንድ አኃዝ መለወጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሞት ሲከሰት ደግሞ ፍጥነት አያስፈልግም። ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2025 ጣሊያን ውስጥ በሞተር ፓራግላይዲንግ ሲበር ወድቆ ሞቷል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ሰዓት የሚጻፈው ቀኑ፣ ቦታውና የሞቱ መረጋገጥ ነው፤ ምክንያቱ መርማሪዎች እስኪናገሩ ይቆያል። በሕዝብ ዘንድ የማይታወቁ ተጎጂዎችን በስም ዘርዝሮ መጻፍም ቤተሰባቸውን ከመጉዳት በቀር ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሥዕሎች

የዊኪፔዲያ ምስሎች የሚከማቹበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚቀበለው ነጻ ፈቃድ ያላቸውን ወይም የባለቤትነት መብት የማይመለከታቸውን ምስሎች ብቻ ነው። ስለዚህ በ2012ቱ ዝላይ በስፖንሰሩ ካሜራዎች የተነሡት ዝነኛ ፎቶግራፎች በኢንተርኔት ላይ የትም ስለሚገኙ ብቻ ተነሥተው አይጫኑም። በአንጻሩ የኪቲንገር የ1960 ዝላይ ፎቶግራፍ የአሜሪካ አየር ኃይል ሥራ በመሆኑ ለማንም ክፍት ነው፤ ዳራውን በሚያወሳው ክፍል ውስጥ በደንብ ያገለግላል። ራስዎ ያነሡት ፎቶ ካለ ደግሞ መጫን ይችላሉ፤ ፈቃዱ ግን ሌሎች ለንግድም እንዲጠቀሙበት የሚያስችል መሆኑን ቀድመው ይወቁ።

ማተምና መከታተል

ረቂቁን ወደ መጣጥፍነት ሲያዛውሩ ማጠቃለያው ላይ ያደረጉትን በአጭሩ ይግለጹ፤ «ከፍታውን በፌዴሬሽኑ በጸደቀው ቁጥር ተካሁ» የሚለው «አስተካከልኩ» ከሚለው እጅግ ይበልጣል። ገጹንም በመከታተያ ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ። ሌላ ሰው ጽሑፍዎን ቢመልሰው ወዲያው መልሰው አይቀይሩት፤ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን እርማት መሻር ያሳግዳል፤ ሌሎቹም እትሞች ቢሆኑ እንዲህ ያለውን እሰጥ አገባ አይወዱትም። ወደ ውይይት ገጹ ሄደው የትኛውን ምንጭ እንደተከተሉ ያሳዩና ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚነሣው ሁለቱ ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ዘርፎች ስለሚያወሩ ሲሆን፣ ዘርፉ ሲጻፍ ይበርዳል።

ክብረ ወሰኑን ሌላ ሰው ሲሰብረው የቀድሞውን አያጥፉት። «ነው» የሚለውን ወደ «ነበር» ቀይረው፣ እስከ መቼ እንደቆየና ማን እንደተካው ከነምንጩ ይጨምሩ፤ ያንኑ ቁጥር የሚጠቅሱ ሌሎች መጣጥፎች ካሉም በዚያው ዕለት አብረው ያርሟቸው።