ወንድሜ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የምናደርገው

ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ የሚተወው ሲሻለው ነው። ታናሽ ወንድሜም «እታለም፣ ድኛለሁ እኮ፤ ለምን እውጣለሁ?» ይለኛል። የእልህ ጥያቄ አይደለም። ደህና ሆኖ እየተሰማው በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት ጠይቁት፦ ምኑ ነው ያስጠላህ?

መልሱ ከሰው ሰው ይለያል። አንዱን ያፈዘዋል፣ ሌላውን ያወፍረዋል፣ የአንዱን እጅ ያንቀጠቅጠዋል። ወጣት ወንድ በወሲብ በኩል ችግር ከመጣበት ደግሞ ለእህቱ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ቀጠሮ አብራችሁት ስትሄዱ ለጥቂት ደቂቃ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ተዉት። የሚያፈዝ መድኃኒት ወደ ማታ ሊዞር ይችላል፤ መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል። ይህን ግን ሐኪሙ ይወስን። በተለይ ሊትየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት በአንዴ ማቆም ሕመሙን መልሶ ሊያስነሳ ይችላል። ታማሚዋ ሴት ከሆነችና ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ፅንስ ስለሚጎዳ ስለ እርግዝና ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር።

እኛ ቤት ኪኒኑ ከእራት ጋር ተያይዟል። ገበታው ሲነሳ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይውጣል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ምልክት ያደርጋል። እኔ ካላንደሩን አያለሁ እንጂ «አፍህን ክፈት» አልለውም። ወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠትማ ፈጽሞ አይሆንም። የነቃባችሁ ቀን ከእጃችሁ እህልም አይቀምስም። አንድ ቀን ከረሳ በማግስቱ ደርቦ አይውሰድ።

የጠበሉ ነገር አለ። የሰሜን ሸዋ ሰው ታሞ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሳይሄድ አይቀርም። ይሂድ፤ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። አስቀድማችሁ የነፍስ አባቱን አነጋግሩ። የእኛ የነፍስ አባት «ጠበሉንም ጠጣ፣ ሐኪም ያዘዘልህንም ዋጥ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው» አሉት። እኔ ዓመት ሙሉ ብለፈልፍ ያን ያህል አይሰማኝም ነበር።

ሊትየም የሚወስድ ሰው ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊትየም የጨው ዓይነት ነው። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያንሰው ኩላሊት ሊትየሙን መልሶ ያስቀረዋል፤ ደም ውስጥ ይበዛና ይመርዛል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ለሐኪሙም ለነፍስ አባቱም ይንገር። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን አልፎ ለሥራ ሸዋ ሮቢት የሚወርድም እንዲሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። እዚያ ላብ አለ፤ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ወገቤን አመመኝ ብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በራሱ ገዝቶ አይውሰድ፤ ሁለቱም ሊትየሙን ደም ውስጥ ያበዙታል። ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ምላሱ ከተያያዘ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳይወስድ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት። ሊትየሙ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚታይበት የደም ምርመራ የሚሠራው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት የዋጠ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደም ይሰጣል፤ የጠዋት ኪኒን ካለው ከዚያ በኋላ ይውሰድ።

አረቄና ጫት ይቅሩ። ብርዱ ያስጠጣል፣ አውቃለሁ። ግን እንቅልፉን ያበላሹበታል፣ መድኃኒቱንም ያስረሱታል።

ከሩቅ፣ ለምሳሌ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ፣ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው ኪኒኑ እስኪያልቅ አይጠብቅ። ክረምት አለ፣ የመንገድ መዘጋት አለ። የብዙ ጊዜውን በአንዴ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ከሆነ ግን ብዙ ኪኒን እጁ ላይ አይቀመጥ። እናንተ ያዙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ሌላው፣ ደህና በሆነበት ወቅት ተዋዋሉ። ሕመሙ ሲነሳበት መከራከር ዋጋ የለውም። እኛ በወረቀት ጽፈናል፤ ቃሉ የራሱ ነው። ምልክቶቹ፦ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው መነሳት፣ ብር መበተን፣ ሌሊት ሰው ጋ መደወል። እነዚህን ስናይ ሐኪም ጋ የሚወስደው አጎታችን ነው፤ ወንድሜ ራሱ መረጠው። የባንክ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ፣ ሲረጋጋ እመልስለታለሁ።