ጎግል ላይ ደረጃዎ ሲወርድ ባክሊንክ ዲስአቫው የሚደረገው መቼ ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለዎት እንበል። ወይም የመንዝ ባና በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ወይም ጓሳ ወጥቶ ጭላዳ ማየት ለሚፈልግ ቱሪስት መኪናና አስጎብኚ ያዘጋጃሉ። ድረ ገጽዎ ጎግል ላይ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይወጣ ነበር። አሁን ሲፈልጉት ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሯል። ይህን የሰማ ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ «መጥፎ ባክሊንክ ገብቶብህ ነው፤ ዲስአቫው አድርገው!»

ትንሽ ይታገሡ። ባክሊንክ ማለት ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ ድረ ገጽ የሚያመለክት ሊንክ ነው። ዲስአቫው ደግሞ ከእነዚህ ሊንኮች መካከል የመረጧቸውን ጎግል እንዳይቆጥራቸው በፋይል የሚነግሩበት መሣሪያ ነው። ፋይሉን መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ መጫን አለመጫኑን መወሰን ነው፤ የኔ ግምት ደግሞ ይህን ከሚያነቡት አብዛኞቹ ጨርሶ አያስፈልጋቸውም የሚል ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ለቀቀ። ሊንክ ገዝተው የወጡ ድረ ገጾች ክፉኛ ተመቱ። ዲስአቫው የመጣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ግን ፔንግዊን ጎግል ደረጃ የሚሰጥበት የዋናው ስሌት አካል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስፓም ሊንክ፣ ማለትም ደረጃ ለማሳደግ ብቻ የተለጠፈ ሊንክ ሲያገኝ ድረ ገጹን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ሊንኩን ዋጋ ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ደግሞ ስፓምብሬይን የሚባለው ሲስተም የተገዙ ሊንኮችን እያደነ ዋጋ ያሳጣል። የማይክሮሶፍቱ የፍለጋ ሞተር ቢንግማ እ.ኤ.አ. በ2023 የራሱን ዲስአቫው ጭራሽ ዘግቶታል። ብዙው ምክር ግን አሁንም 2012 ላይ ቆሟል።

መጀመሪያ ምን እንደወረደ ይለዩ

የጅሩ ገበሬ ስንዴው ቢጫ ሲሆንበት ወዲያው መድኃኒት አይረጭም። ዋግ ነው ወይስ ጥቁሩ አፈር ውሃ ቋጥሮ ነው ብሎ ያያል። እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ።

ሰርች ኮንሶልን፣ ማለትም ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠውን መከታተያ ይክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። የ16 ወር መረጃ ይይዛል። ክሊክ፣ ኢምፕሬሽን (ገጽዎ በፍለጋ ውጤት ላይ ስንት ጊዜ እንደታየ) እና አማካይ ደረጃ ሦስቱንም ያብሩ። ከዚያ የወረደበትን ጊዜ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ያወዳድሩ። ካለፈው ወር ጋር ብቻ ካወዳደሩ ይሳሳታሉ። ክረምት ላይ አንኮበርን የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል፤ ከጥቅምት ወዲያ ይመለሳል።

ክሊክና ኢምፕሬሽን ወርደው አማካይ ደረጃው እዚያው ካለ፣ ደረጃዎ አልወረደም። የወረደው ፈላጊው ነው። ይህ እኛ አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተፈጠረውን ሁሉም ያውቀዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ አስጠንቅቀዋል። ቱሪስቱ ራሱ «ጓሳ» ብሎ መፈለጉን ሲያቆም ባክሊንክ ላይ ማፍጠጥ ምን ይፈይዳል?

ደረጃው በእውነት ወርዶ ከሆነ ቀኑን ይያዙ። ጎግል የፍለጋ ማሻሻያዎቹ መቼ እንደጀመሩና መቼ እንዳለቁ የሚያሳውቅበት የሁኔታ ሰሌዳ አለው። የእርስዎ ቀን ከአንዱ ጋር ይገጥማል? አንዳንዱ ማሻሻያ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተጀመረው 45 ቀን ፈጅቷል። ኮር አፕዴት ከሚባለው ዋና ማሻሻያ ጋር ከገጠመ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የይዘት ጥራትና የተፎካካሪ ነው።

በዚያው ሳምንት ድረ ገጹ ላይ የተነካ ነገር ካለም ይጠይቁ። ዲዛይን ተቀይሯል? የገጾች አድራሻ ተለውጦ አሮጌው ወደ አዲሱ ሳይዞር ቀርቷል? ሠሪው «ኖኢንዴክስ» የምትለዋን፣ ገጹ ጎግል ላይ እንዳይወጣ የምታደርገዋን ትእዛዝ ሳያጠፋ ለቅቆታል? ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ሰው አስለቅሳለች።

ማኑዋል አክሽን አለ?

ሰርች ኮንሶል ውስጥ ከታች በኩል ማኑዋል አክሽንስ የሚል ገጽ አለ። ማኑዋል አክሽን የጎግል ሠራተኛ ራሱ አይቶ የሚጥለው ቅጣት ነው። ችግር የለም የሚል አረንጓዴ ምልክት ካዩ የጎግል ሠራተኛ ድረ ገጽዎን አይቶ አልቀጣዎትም ማለት ነው። «ወደ ድረ ገጽዎ የሚያመለክቱ ተፈጥሯዊ ያልሆኑ ሊንኮች» የሚል መልእክት ካለ ግን ዲስአቫው የተሠራው ለእርስዎ ነው። ቅጣቱ መላው ድረ ገጽ ላይ ይሁን ከፊሉ ላይ እዚያው ተጽፏል።

መልእክት ከሌለስ? የጎግል መመሪያ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ስፓም ወይም ሰው ሠራሽ የሆኑ ሊንኮች በርከት ብለው መኖር አለባቸው። ሁለተኛ፣ ሊንኮቹ ማኑዋል አክሽን ያመጡ ወይም ሊያመጡ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ። እርስዎ ወይም የቀጠሩት ሰው ሊንክ ገዝታችኋል? «500 ሊንክ በዚህ ዋጋ» የሚል ጥቅል ወስዳችኋል? መልሱ አዎ ከሆነና ብዛት ካለው ቀድሞ ማጽዳት ተገቢ ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ይተዉት። ወደ ማንኛውም ድረ ገጽ የሚያመለክቱ፣ ባለቤቱ የማያውቃቸው የቁማርና የመድኃኒት ገጾች ሊንኮች ይኖራሉ፤ ጎግልም ያልፋቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ገዝተዋቸው የነበሩ ሊንኮች ሲጠቅሙዎት ቆይተው ጎግል መቁጠሩን ሊያቆም ይችላል። ያኔ ደረጃዎ ይወርዳል። የወረደው ግን ሊንኩ ጎድቶዎት ሳይሆን መርዳቱን ስላቆመ ነው። ዲስአቫው ቢያደርጉት የሚመለስ ነገር የለም። የማይቆጠርን ነገር አትቁጠር ማለት ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ሊንኮቹ የሚያመለክቱት እርስዎ ጽፈውት ወደማያውቁት የድረ ገጽዎ ገጽ ከሆነ ምናልባት ተጠልፈዋል። ያኔ የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል መቀየርና የገባውን ኮድ ማጽዳት ነው።

«መርዛማ» የሚለውን ቀይ ቁጥር አይመኑት

በክፍያ የሚሠሩ የኤስኢኦ (የፍለጋ ደረጃ ማሻሻያ) መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ሊንክ የመርዛማነት ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ የመሣሪያው ግምት ነው፤ ጎግል አልሰጠውም። እንደኛ አካባቢ ላለ ድረ ገጽ ደግሞ ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ይስታል። ወደ ጓሳ ጉዞ ገጽ እውነተኛ ሊንክ የሚሰጠው ማነው? ከዓመታት በፊት መጥቶ የሄደ የወፍ ተመልካች ያረጀ ገጽ። ውጭ አገር ያሉ የመንዝና የቡልጋ ተወላጆች ማኅበር ድረ ገጽ፣ ዲዛይኑ የተዘበራረቀ። የዩኒቨርሲቲ ጥናት የያዘ ፒዲኤፍ። መሣሪያው እነዚህን «ደካማ ዶሜይን» ብሎ ቀይ ቀለም ይቀባቸዋል። ለእርስዎ ግን እነዚህ ወርቅ ናቸው። በጅምላ ቢጥሏቸው ደረጃዎን በገዛ እጅዎ ያወርዱታል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከራሱ ከሰርች ኮንሶል ሊንክስ ገጽ ያውርዱና በዓይንዎ ይዩት። መመዘኛው አንድ ነው፦ ይህ ሊንክ የተለጠፈው ጎግልን ለማታለል ነው ወይስ አንድ ሰው አንባቢውን ወደ እርስዎ ለመላክ ብሎ? ኖፎሎው የሚል ምልክት ያላቸውን፣ ማለትም ለደረጃ እንዳይቆጠሩ ለጣፊው ራሱ ለጎግል ያመለከታቸውን ይዝለሏቸው።

ማድረግ ካለብዎት

ማኑዋል አክሽን ካለ መጀመሪያ ሊንኩን ለማስነሳት ይሞክሩ። የድረ ገጹን ባለቤት በኢሜይል ይጠይቁ። ለማን መቼ እንደጻፉና ምን እንደመለሱልዎ በኤክሴል ይያዙ። ሳይሞክሩ ሁሉንም ዲስአቫው ማድረግ ጎግል ዘንድ በቂ ጥረት ተብሎ አይቆጠርም። ለማንሳት ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመዎት አይክፈሉ፤ እሱን ፋይሉ ውስጥ ያስገቡት።

ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ወርድ አይደለም። በኖትፓድ ይጻፉትና በዩቲኤፍ 8 ያስቀምጡት። በአንድ መስመር አንድ አድራሻ ብቻ። አንድን ድረ ገጽ በሙሉ ለመተው ዶሜይን የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፉ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ያድርጉ፣ ሳይለያዩ የድረ ገጹን ስም ያስከትሉ፤ ለምሳሌ domain:example.com። ሊንክ የሚሸጥ ድረ ገጽ ከሆነ ይህ ይሻላል፤ አንዱን ገጽ ቢዘጉ በሌላው ይመጣል። በሃሽ ምልክት የሚጀምር መስመር ማስታወሻ ነው፤ ጎግል አያነበውም። ጣሪያው 100,000 መስመርና 2 ሜጋባይት ነው፤ የእንግዳ ማረፊያ እዚያ ከደረሰ ሌላ ታሪክ አለ።

የዲስአቫው ገጽ ሰርች ኮንሶል ሜኑ ውስጥ አይታይም፤ ጎግል ላይ «disavow links» ብለው ፈልገው ይግቡ። ድረ ገጽዎን ያስመዘገቡት እንደ ዶሜይን ፕሮፐርቲ (በስሙ ብቻ፣ ያለ https) ከሆነ መሣሪያው አይቀበለውም። ከ https ጀምሮ ሙሉ አድራሻውን፣ ዩአርኤል ፕሪፊክስ በሚለው አማራጭ ጨምረው ያስመዝግቡ። በፊት የጫኑት ፋይል ካለ አውርደው ያስቀምጡት፤ አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል እንጂ አይደመርበትም።

ከተጫነ በኋላ ማኑዋል አክሽን ላለበት ሰው የሚቀረው የድጋሚ ምርመራ ጥያቄ ነው። ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተነሳና ምን እንደቀረ ሳይሸፋፍኑ ይጻፉ። መልሱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ጥያቄው ላይ መልስ ሳያገኙ ሁለተኛ አይላኩ።

ማኑዋል አክሽን ለሌለበት ደግሞ መጠበቅ ብቻ ነው። ጎግል ገጾቹን ደግሞ እስኪጎበኝ ሳምንታት ይፈጃል። ሊንኮቹ በሊንክስ ገጽ ላይ አሁንም ይታያሉ፤ አልሠራም ብለው ፋይሉን ደጋግመው አይጫኑ። ጥሩ ሊንክ አብሮ ገብቶ ካገኙ መስመሩን አጥፍተው ፋይሉን እንደገና ይጫኑ። ነገሩን በሙሉ መሰረዝ ከፈለጉም እዚያው መሣሪያው ላይ የመሰረዣ ቁልፍ አለ፤ ሊንኮቹ እንደገና እስኪቆጠሩ ግን እንደዚያው ጊዜ ይፈልጋል።