ፀሐይ አለ፣ ውሃ አለ፣ አረፋ ግን የለም

ባህር ዳር ላይ ፀሐይም ውሃም አይቸግርም። ለዚህም ነው ውሃን በብርሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ማውጣት ጎጃም ውስጥ ላለ የኬሚስትሪ ተማሪ የሚያጓጓ የመመረቂያ ርዕስ የሚሆነው። መንገዱን የከፈቱት ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ብርሃን ተቀብሎ ውሃን በሚሰነጥቅ ቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ ብርሃን አብርተው አሳዩ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጉዱ የሚመጣው ቢከሩ ፊት ሲቆሙ ነው። የጋዝ አረፋ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ኦክሳይዱን ይወቅሳል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዙሪያው ነው።

ቲታኒየም ኦክሳይድ ቀባሁ፣ አምፖል አበራሁ፣ ምንም የለም

አምፖሉ ነጭ ኤልኢዲ ነው? በቃ፣ እሱ ነው። ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚሠራው ከ390 ናኖሜትር በታች ባለው አልትራቫዮሌት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ይህን ጨረር የለውም ማለት ይቻላል። ኦክሳይዱን የቀባችሁበትን መስታወት ይዛችሁ ደጅ ውጡ። ከፀሐይ ብርሃንም አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ። 365 ናኖሜትር የሚሰጥ ኤልኢዲ ከተገኘ ጥሩ፤ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ።

ሄማታይት ቀባሁ፣ እሱም ዝም አለ

ሄማታይት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አፈራችንን ያቀላው ዘር። «ታዲያ አፈሩን ራሱን ብንቀባውስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም፣ ከሸክላ ጋር የተደባለቀ ነው፣ ከረንት አያሳልፍም።

ንጹሑም ቢሆን ሁለት አመል አለው። አንደኛ፣ ብቻውን ሃይድሮጂን ለማውጣት ጉልበት ያንሰዋል፤ ከውጭ ቮልቴጅ መጨመር፣ ወይም ትንሽ የሶላር ፓነል ማገናኘት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ውስጡ የሚፈጠረው ፖዘቲቭ ቻርጅ ከጥቂት ናኖሜትር በላይ አይራመድም። ወፍራም አድርጎ መቀባት ማለት ብርሃኑን ተቀብሎ መሃል መንገድ ላይ ማባከን ነው። በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ስስ አድርጉት፤ ትንሽ ቲታኒየም ወይም ቲን ብትጨምሩበት ደግሞ ይሻለዋል። ቅቡ ፈርነስ (የላቦራቶሪ ምድጃ) ውስጥ እያለ መብራት ከሄደ ያንን ናሙና ከሌሎቹ ጋር አታወዳድሩት። ለብቻው ምልክት አድርጉበት።

ከረንቱ ጨለማ ውስጥም ይፈስሳል

ደስ አይበላችሁ። ቢከሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑና እዩ። የከረንቱ ቁጥር ካልወረደ የሚሠራው ብርሃኑ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የመዳብ ሽቦው ውሃውን ነክቶ ራሱ እየተበላ ነው፤ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ያወጣል። መጋጠሚያውን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ድፈኑት።

በረኪና በረኪና ይሸታል

ውሃው ከረንት እንዲያሳልፍ ብላችሁ የገበታ ጨው ጨምራችኋል። የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ አቁሙ፣ መስኮት ክፈቱ። በተጣራ ውሃ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ተጠቀሙ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ።

ጋዙ ከሂሳቡ በለጠ!

ይህን የምወደው እኔንም ስለሸወደኝ ነው። 1 ሚሊአምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ፣ አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል በሚለው ሂሳብ 0.42 ሚሊሊትር ሃይድሮጂን ይጠበቃል። እኔ ግን ወደ 0.58 አነበብኩ። ከመቶ በላይ ውጤት! ለአማካሪዬ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር፤ ደግነቱ መስመሩ ተያዘ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። 22.4 ሊትር የሚሠራው በ0 ዲግሪና በባህር ወለል ግፊት ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ጋዙም በአንድ አራተኛ ያህል ይሰፋል። ሙቀቱን ጨምሩበት። ጋዙን የምንይዘው በውሃ ላይ ስለሆነ የውሃ እንፋሎቱም አለ፤ 25 ዲግሪ ላይ 3.2 ኪሎፓስካል ነው፣ ከግፊቱ ላይ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ሲስተካከል ትርፉ ብን ብሎ ይጠፋል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ከፍታው ስለሚጨምር ስህተቱም ይብሳል። ግፊቱን ከባሮሜትር አንብቡ እንጂ ከአየር ሁኔታ አፕ አትውሰዱ፤ አፑ የሚሰጣችሁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ባህር ወለል የተስተካከለ ነው።